አንድ ሞልድ ይበቃችኋል

ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬን ፒያሳ ላይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስሠራ ነው የፈጀሁት። ሲሊከን፣ ሰም፣ ጀሶ፣ የቀለጠ ብረት። ቀን እንጀራዬ ናቸው፣ ማታ ደግሞ መጫወቻዬ። ማታ የምሠራው የአሻንጉሊት ወታደር ነው። አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ባለቤቴም ከለመደችው ቆይታለች። ሰሞኑን "እኛም እንጀምር" የምትሉኝ ወጣቶች በዝታችኋል፣ ግን የሁላችሁም ጥያቄ ስለ መግዛት ነው። የትኛው ሞልድ (የቀለጠው ብረት የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ) ይሻላል? ስንት ያስፈልጋል?

አንድ። ቀጥ ብሎ የቆመ የአንድ ወታደር ሞልድ ያዙ፣ ከዚያ ሰውዬ አሥር የተለያየ ሰው እስክታወጡ ድረስ ሌላ አትግዙ። ብረት ማፍሰሱ ቶሎ ይለመዳል። ሰውየውን ሌላ ሰው ማድረጉ ግን ዓመታት ይወስዳል፣ ደስታውም ያለው እዚያ ነው።

ግን መጀመሪያ ስለ እርሳስ፣ አቅልጠን ስለምናፈስሰው ብረት። እርሳስ መርዝ ነው፣ ቀልድ የለውም፣ በተለይ የትንንሽ ልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ምግብ በሚበስልበት ቤት አይቀለጥም። የቀለጠበት ድስት ተመልሶ ወጥ አይሠራበትም። ብዙ ሰው ጭሱን ብቻ ይፈራል፣ እኔ ግን ይበልጥ የምፈራው ስትሞርዱ የሚረግፈውን ዱቄትና ከላይ የሚገፈፈውን ዝቃጭ ነው፤ እጅ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ ቆሎ ይዘገንበታል። ስለዚህ ግቢ ውጡ፣ ልጅና እርጉዝ ሴት አታስጠጉ፣ ስትጨርሱ በሳሙና ታጠቡ። ኮንዶሚኒየም ላይ ነን፣ ግቢ የለንም ካላችሁ ደግሞ እርሳስ የሌለበትን፣ ከቆርቆሮ፣ ከአንቲሞኒና ከትንሽ መዳብ የተደባለቀውን ፈልጉ። ይወደዳል፣ ግድ የለም። የመኪና ባትሪ ሰብሮ እርሳስ ማውጣት የሚባለውን ነገር ግን ጭራሽ እንዳልሰማ። ከጎሚስታ የሚገኘው የጎማ ባላንስ (ጎማ ለማመጣጠን ቸርኬው ላይ የሚደረገው ክብደት) ይሻላል፣ ሆኖም እሱም ውስጥ ዚንክ የሆነ አይጠፋም። ዚንክ የሚቀልጠው 419 ዲግሪ ላይ ነው፣ እርሳስ 327 ላይ፤ እሳቱን ካላበዛችሁት ዚንኩ ሳይቀልጥ ከላይ ይንሳፈፋል፣ በማንኪያ ልቀሙት።

ውሃ ደግሞ አለ። የቀለጠ እርሳስ ውስጥ የገባች አንዲት ጠብታ በቅጽበት እንፋሎት ሆና ብረቱን ፊታችሁ ላይ ትረጨዋለች። በጀሶ ሞልድ የምትሠሩ እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ፦ ጀሶ ላዩ ደርቆ ውስጡ ውሃ ይይዛል፣ በእጅ ዳስሶ "ደርቋል" ማለት አይቻልም። ለስ ባለ ሙቀት ለረጅም ሰዓት አድርቁት። መነጽር፣ ወፍራም ጓንት፣ ሽፍን ጫማ። በነጠላ ጫማ ሲያፈስ ያየሁትን ልጅ አባርሬዋለሁ።

አሁን ወደ ማፍሰሱ። ቆርቆሮ ብቻውን በ232 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ከእርሳስ ጋር ሲሆን ግን ከሁለቱም በታች ይወርዳል፤ 63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ በ183 ዲግሪ ውሃ ይሆናሉ። ቆርቆሮ የበዛበት ብረት ቀጭን ቦታ ድረስ ይገባል፣ የጠመንጃ አፈሙዝ የሚሞላውም ለዚህ ነው። ክብሪት እንጨት ንከሩበት። ቀስ ብሎ ቡናማ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ወዲያው ጠቁሮ ከጨሰ እሳቱ በዝቷል። የመጀመሪያዎቹ ወታደሮች ሞልዱ ስላልሞቀ ጠመንጃ የላቸውም፣ አንዳንዱ ግማሽ ጭንቅላት ይዞ ይወጣል። መልሱት ድስቱ ውስጥ፣ የሚባክን ነገር የለም። የሕፃን ፓውደር በለስላሳ ብሩሽ ሞልዱን ቀቡና ትርፉን እፍ በሉት። ሞልዱ ሞቆም አፈሙዙ አልሞላ ካለ አየር ታፍኖበት ነው፤ ከአፈሙዙ ጫፍ እስከ ሞልዱ ጠርዝ በምላጭ ፀጉር የምታህል መስመር ክፈቱለት።

(እንግሊዛዊው ዊልያም ብሪተን በ1893 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያመጣው ዘዴ ደስ ይለኛል። ብረቱን አፍስሶ ዳር ዳሩ እንደረጋ መሀሉን መልሶ ይደፋዋል፣ ወታደሩ ባዶ ሆድ ይወጣል። ብረት ተቆጠበ፣ ከጀርመን ይመጡ ከነበሩት ድፍን ወታደሮችም ረከሰ።)

መለወጡ ላይ ስንመጣ በመጋዝ አትጀምሩ፣ በዓይን ጀምሩ። በ2016 ፒያሳ የተከፈተውን የአድዋ ድል መታሰቢያ ሄዳችሁ እዩ፣ ፎቶ ተነሥታችሁ ብቻ አትውጡ። ሁሉም ጀማሪ ራስ አሉላን ካልሠራሁ ይላል፣ የሚሠራውን ሁሉ ደግሞ ጎፈር ያለብሰዋል። ሠራዊቱ በሙሉ ጎፈር አድርጎ አልዘመተም። ነጋሪት መቺው የታለ? ስንቅ የተሸከመችውስ?

ከፈረንጅ ወታደር የአድዋ ዘማች ለማውጣት፣ 54 ሚሊ ሜትር በሚባለው ልክ (ከእውነተኛው ሰው 32 ጊዜ ያነሰ ነው)፣ እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ጭንቅላቱን በቀጭን መጋዝ ቆርጬ አንገትና ትከሻውን እበሳና በእስፒል ቁራጭና በሱፐር ግሉ መልሼ እተክለዋለሁ፣ ግን ትንሽ ወደ ጎን አዙሬ። ይህችው ብቻ ሌላ ሰው ታደርገዋለች። የኮቱን ቁልፎች በሞረድ አጠፋለሁ። የጫማውን ተረከዝ ሞርጄ ጣቶቹን በምላጭ ጫፍ አወጣለሁ፣ ይሄ ዓይን ያፈስሳል። ተለውሶ የሚደርቀውን ኢፖክሲ፣ የሕፃን ፓውደር በተነሰነሰበት ላይ ስስ አድርጌ ዳምጬ እንደ ኩታ አለብሰዋለሁ፣ ሳይደርቅ እጥፋቱን በመርፌ። ጋሻው ደግሞ 17 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ክብ የአሉሚኒየም ቁራጭ ናት፤ ብይ ላይ አድርጌ ጫን ጫን ሳደርጋት ጎበጥ ትላለች። ጠመንጃው ውጅግራ ከሆነ እውነተኛው 1 ሜትር ከ30 ገደማ ስለሆነ ለ32 ሲካፈል 4 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ለክታችሁ ሥሩ፣ በግምት የተሠራ ጠመንጃ ከሩቅ ያስታውቃል።

ፈረስ የምትፈልጉ ጊዮርጊስ ጋ ያለውን የምኒልክን ሐውልት ዙሩት። ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ብቻ ነው የቆመው። ያንን በእርሳስ ብታፈስሱት በሳምንቱ ይሰግዳል፣ ስለዚህ ብረቱን ከማፍሰሳችሁ በፊት እግሮቹ ቦታ ላይ የብረት ሽቦ ሞልዱ ውስጥ አስተኙ።

የመጀመሪያውን ማንን እናድርገው ለምትሉኝ፣ ቃኘውን አድርጉት። በሚያዝያ 1943 መጨረሻ ኮርያ የደረሱት ወታደሮቻችን ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ነው የተዋጉት፣ ትጥቃቸውም የአሜሪካ ነው። ተራ የአሜሪካ ወታደር ሞልድ ካላችሁ ሄልሜቱም ጫማውም ተሠርቶ ጠብቋችኋል፤ የሚቀራችሁ አንገቱን ማዞር፣ ፊቱን መቀባትና የክፍለ ጦሩን ምልክት፣ ቀይ ክብ ውስጥ ያለውን ጥቁር ቅርጽ፣ ክንዱ ላይ ማስፈር ነው። የእግር ጣት ማውጣት እስክትለምዱ ድረስ ይሄ ይበቃል።