ቤት ውስጥ ስልክ ስትጠግን ስታቲክ እንዳይጎዳብህ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ደሴ ቤትህ ውስጥ ስልክ ትጠግናለህ፣ ከኅዳር ወዲህ ብረት በነካህ ቁጥር ይነዝርሃል፣ አንድ ስልክ ላይ ሁለት ስክሪን ቀይረህ የሁለቱም ንክኪ ሞተብህ። «ስታቲክ ይሆን?» ነው ያልከው፤ ማለትም ነገር ከነገር ሲፋተግ ሰውነት ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ። እኔም እዚሁ ደሴ መኝታ ክፍሌ ውስጥ ነው ሥራውን የጀመርኩት።

መጀመሪያ ይሄን ለይልኝ። ቻርጀር ላይ የተሰካ ስልክ ጠርዙን ስትዳስሰው ውርር የሚያደርግህ ስታቲክ አይደለም። ከቻርጀሩ የሚያልፍ ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው፣ እጅህን እስክታነሳ አይቆምም። ስታቲክ አንዴ ጣ ብሎ ያልቃል።

ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ የበጋው ብርድ ደግሞ ደረቅ ነው። ክረምት ላይ እርጥበቱ ቻርጁን፣ ማለት የተጠራቀመብህን ኤሌክትሪክ፣ ቀስ ብሎ ከላይህ ይወስደዋል። በጋ ላይ ግን ለብርዱ ብለን የምንደርበው ፖሊስተር ሹራብና ብርድ ልብስ፣ በዚያ ላይ የፕላስቲክ ወንበሩ፣ ተነስተህ በተቀመጥክ ቁጥር ቻርጅ ይሞላብሃል። ሰው ሲነዝረው የሚሰማው ወደ 3,000 ቮልት ሲደርስ ነው። አንዳንድ ቺፕ ግን ከ100 ቮልት በታች ይጎዳል። ስለዚህ የምትፈራው የነዘረህን ብቻ ሳይሆን ያልተሰማህንም ነው።

አንድ የታኅሣሥ ማታ የደንበኛ ስልክ ከፍቼ፣ ወፍራም ሹራብ እንደለበስኩ ወረንጦ ላመጣ ተነሳሁ። ተመልሼ የስክሪኑን ማገናኛ በጣቴ ነካሁ። ምንም አልተሰማኝም። ስልኩ በራ፣ ሰውየውም ወሰደው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ንክኪው እየዘለለ መጣ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ፣ ከኪሴ ቀየርኩለት። ስታቲክ እንዲህም ያደርጋል፦ ቺፑን ሳይገድል ያቆስለዋል።

አሁን ለሥራ ስቀመጥ የጥጥ ልብስ ነው የምለብሰው፣ ሲበርደኝ ጋቢ እደርባለሁ። ስታቲኩን ከእጅህ ወደ መሬት የሚያወርደውን የእጅ ማሰሪያ ባለገመዱን ግዛ፣ ገመድ አልባው አይረባም፤ ቻርጁ የሚሄድበት መንገድ የለውማ። ጥሩው ውስጡ 1 ሜጋኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ በብዛት እንዳያልፍ የሚገታ) አለው፣ በስህተት መብራት ያለበት ነገር ብትነካ እንዳይገልህ ነው። በመልቲሜትር ከብረቱ እስከ መቆንጠጫው ለካው፣ 1 ሜጋኦም አካባቢ ካላሳየህ አትመነው።

ከምን ጋር ታስረዋለህ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የውሃ ቧንቧ ይሉሃል፣ ግን የአሁኑ ቧንቧ ፕላስቲክ ነው። ሶኬትህ ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርድ ገመድ) ያለው ቢመስልም ከኋላው ገመድ ላይኖር ይችላል፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርተህ አስለካ። ከሌለ መሬት ውስጥ ዘንግ ያስገባልህ። ኒውትራል (የመብራቱ መመለሻ ገመድ) ላይ በፍጹም እንዳታስረው!

ቦርድ በፌስታል አትጠቅልል። አዲስ ቦርድ የሚመጣበትን ብርማ ከረጢት አትጣለው፣ እሱ ውስጥ አስቀምጥ። የስክሪኑን ላስቲክ ስትልጥም ቀስ በል፣ ቶሎ ስትገነጥለው ራሱ ቻርጅ ይፈጥራል።

ወደ ስልክህ ስመለስ፣ ስክሪኑን የምትሰካው ባትሪውን ነቅለህ ነው? ካልሆነ ስታቲክን ከመክሰስህ በፊት እሱን አስተካክል፤ ባትሪ እንደተሰካ ማገናኛ መግጠም ራሱ ያቃጥላል። ከዚያ የተሰነጠቀውን የድሮ ስክሪን መልሰህ ሞክር። በእሱ ንክኪው ከሠራ ቦርዱ ደህና ነው። ካልሠራ ሦስተኛ ስክሪን እንዳትገዛ፣ የንክኪውን መስመር ቦርዱ ላይ ለካ። ውጤቱን እዚሁ ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።