የባለዕዳው ኤልኤልሲ በሌላ ስቴት ሲመዘገብ፦ ጥያቄና መልስ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የፍርድ አፈጻጸም መዝገቦችን በማዘጋጀት ሥራ ላይ ስለቆየሁ፣ ተፈርዶላቸው ገንዘቡ እጃቸው ያልገባ ወገኖች የሚያቀርቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ጠበቃ ስላልሆንሁ የምጽፈው ነገሩን ለማስረዳት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ለአንድ ወዳጄ ለሬስቶራንት ሥራ ያበደርሁትን ገንዘብ እንዲከፍለኝ የሜሪላንድ ፍርድ ቤት ወስኖልኛል። ሰውየው ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል፤ የሚያከራየው ቤት ግን በዋዮሚንግ በተመዘገበ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ) ስም ነው። ቤቱን አስይዤ ማሸጥ እችላለሁ?

መልስ፦ በቀጥታ አይችሉም። ፍርዱ የተሰጠው በሰውየው ላይ ሲሆን፣ ቤቱ ደግሞ በሕግ ፊት ራሱን የቻለ ሰውነት ያለው የኩባንያው ንብረት ነው። የሰውየው ሀብት የአባልነት ድርሻው፣ ማለትም በኩባንያው ውስጥ ያለው የባለቤትነት ድርሻ ስለሆነ፣ ሊነኩት የሚችሉት ይህንኑ ነው፤ መንገዱም «ቻርጂንግ ኦርደር» ይባላል። ፍርድ ቤቱ በዚህ ትእዛዝ፣ ኩባንያው ለአባሉ የሚያከፋፍለውን ገንዘብ ዕዳው እስኪያልቅ ድረስ ለእርስዎ እንዲከፍል ያዝዛል። ሐሳቡ የመጣው በ1890 ከወጣው የእንግሊዝ የሽርክና ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ለአንዱ ሸሪክ የግል ዕዳ የሽርክናው ዕቃ ይያዝ ስለነበር፣ ምንም ያላጠፋው ሌላው ሸሪክ ሥራው ይበተንበት ነበር። ይህን ምክንያት ያስታውሱት፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ጥያቄ፦ ሥራ አስኪያጁም ራሱ ነው። «ትርፍ አላከፋፍልም» ቢልስ?

መልስ፦ የትእዛዙ ደካማ ጎን ይኸው ነው፤ ትርፍ እንዲያከፋፍል አያስገድደውም። ነገር ግን ባለዕዳው የሚበላውና የሚለብሰው ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት። ደመወዝ ከወሰደ፣ ደመወዙ በፌዴራል ሕግ በተወሰነው ጣሪያ፣ በአብዛኛው እስከ 25 በመቶ ድረስ፣ ሊያዝ ይችላል። ኩባንያው የመኪናውንና የልጆቹን ትምህርት ቤት ክፍያ የሚሸፍንለት ከሆነ ደግሞ፣ ያ በስውር የተከፋፈለ ትርፍ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ስለዚህ ከማንኛውም እርምጃ በፊት ባለዕዳው ፍርድ ቤት ቀርቦ ስለ ሀብቱ በመሐላ እንዲጠየቅ፣ የባንክና የግብር ሰነዶቹንም እንዲያቀርብ ያመልክቱ። ኩባንያው በየትም ስቴት ቢመዘገብ፣ ሜሪላንድ የሚኖረው ሰው የሜሪላንድን ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቢጥስ ፍርድ ቤት በመድፈር ይጠየቃል። በእኔ እይታ ከቻርጂንግ ኦርደሩ ይልቅ ብዙ ገንዘብ የሚያስገኘው ይህ ምርመራ ነው። ጊዜም ከእርስዎ ጋር ነው፤ የሜሪላንድ ፍርድ ለ12 ዓመት ይጸናል፣ ሊታደስም ይችላል፣ ወለዱም በአብዛኛው በዓመት 10 በመቶ ነው።

ጥያቄ፦ ትእዛዙን ለማግኘት ዋዮሚንግ ድረስ መሄድ አለብኝ?

መልስ፦ ፍርድ ቤቶች በዚህ ላይ አልተስማሙም፤ ጭቅጭቁ የአባልነት ድርሻ «የሚገኘው» የት ነው የሚል ነው። በ2015 በፍሎሪዳ የሚገኝ አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ኩባንያው ኔቪስ በምትባለው ደሴት የተቋቋመ ቢሆንም ድርሻው ባለዕዳው በሚኖርበት በፍሎሪዳ እንደሚገኝ ወስኗል። የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንጻሩ በ2017፣ የሌላ ስቴት ነዋሪ በኮሎራዶ ኤልኤልሲ ውስጥ ያለው ድርሻ የሚገኘው ኩባንያው በተቋቋመበት በኮሎራዶ ነው ብሏል። ጥንቃቄ ያለው አካሄድ ሁለቱንም ማድረግ ነው፦ ትእዛዙን በሜሪላንድ ካወጡ በኋላ ፍርዱን በዋዮሚንግ አስመዝግበው ለኩባንያው ተወካይ ያደርሳሉ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 4 አንዱ ስቴት የሌላውን ፍርድ እንዲያከብር ስለሚያስገድድ ክርክሩ እንደ አዲስ አይጀመርም።

ጥያቄ፦ ባለዕዳው ብቸኛው አባል ከሆነ ልዩነት አለው?

መልስ፦ አለው፤ የ1890ው ምክንያት እዚህ ላይ ይፈርሳልና፤ ሊጠበቅ የሚገባው ንጹሕ ሸሪክ የለም። በ2003 በኮሎራዶ የሚገኝ የኪሳራ ፍርድ ቤት፣ የኪሳራ ጠባቂው (የከሰረውን ሰው ንብረት እንዲያስተዳድር የተሾመው) የብቸኛውን አባል ቦታ ተክቶ ኩባንያውን እንዲያስተዳድር ፈቅዷል። የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2010 ብቸኛ አባል ድርሻውን በሙሉ እንዲያስረክብ ሊታዘዝ እንደሚችል ወሰነ፤ የስቴቱ ምክር ቤት በቀጣዩ ዓመት ሕጉን ሲያሻሽል፣ ከቻርጂንግ ኦርደር ሌላ መፍትሔ የለም የሚለውን ከለላ አጥብቆ የጠበቀው ከአንድ በላይ አባል ላላቸው ኩባንያዎች ነው። ዋዮሚንግ፣ ኔቫዳና ዴላዌር ግን ለብቸኛ አባልም ቢሆን ከቻርጂንግ ኦርደር ሌላ መፍትሔ የለም የሚል ሕግ አውጥተዋል፤ ሰዎች ወደዚያ የሚሄዱትም ለዚሁ ነው። ሆኖም ከኩባንያው ውጭ ያለ ገንዘብ ጠያቂ መብት የኩባንያው የውስጥ ጉዳይ ስላልሆነ፣ የባለዕዳው መኖሪያ ስቴት ፍርድ ቤት የራሱን ሕግ ሊከተል ይችላል።

ጥያቄ፦ የኩባንያውን ሒሳብ እንደ ግል ኪሱ ነው የሚጠቀምበት። ይህ ይረዳኛል?

መልስ፦ እጅግ። የሳተላይት ቴሌቪዥን ኩባንያው ዳይሬክቲቪ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ በተፈረደለት የቨርጂኒያ ክርክር፣ ባለዕዳው በዴላዌር ኤልኤልሲዎች ተከልሎ ነበር፤ የአራተኛው ምድብ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2018 በኩባንያዎቹና በሰውየው መካከል ልዩነት እንዳልነበረ አይቶ፣ ፍርዱ በኩባንያዎቹም ላይ እንዲፈጸም የተሰጠውን ውሳኔ አጽንቷል። ሒሳብ መቀላቀል፣ መዝገብ አለመያዝና የግል ወጪን ከኩባንያው መክፈል ዋናዎቹ ማስረጃዎች ናቸው። ቤቱ ወደ ኤልኤልሲው የተዛወረው ብድሩ ከተወሰደ በኋላ ያለ ተመጣጣኝ ዋጋ ከሆነ ደግሞ፣ ዝውውሩ ራሱ እንዲሻር መጠየቅ ይቻላል፤ የይርጋ ጊዜ ስላለው ግን አይዘግዩ።

ጥያቄ፦ እኔ በተቃራኒው ወገን ነኝ። ከባለቤቴ ጋር የምንኖርበትን የሜሪላንድ ቤት ወደ ዋዮሚንግ ኤልኤልሲ እንዳዛውር አንድ ሻጭ መከረኝ፤ ቻርጂንግ ኦርደር የያዘ ሰው ያላገኘውን ትርፍ ግብር ስለሚከፍል ይሸሻል አለኝ።

መልስ፦ ሻጮች ለዚህ የሚጠቅሱት የአሜሪካን የፌዴራል ገቢዎች መሥሪያ ቤት (አይአርኤስ) የ1977 ውሳኔ ሲሆን፣ ውሳኔው የሚናገረው ድርሻ ስለ ተላለፈለት ሰው ነው፤ ቻርጂንግ ኦርደር የያዘ ሰው ግን መያዣ እንጂ ድርሻ የለውም። ከሁሉ በላይ ግን፣ ባልና ሚስት በሜሪላንድ በጋራ በያዙት ቤት ላይ የአንዱ ብቻ ባለዕዳነት ቤቱን አያስይዝም። ይህን በነጻ ያገኙትን ከለላ ቤቱን ወደ ኤልኤልሲ ባዛወሩበት ቀን ያጡታል።