ሐረር ያለው ስልክ ይመዘገባል፣ ድምፅ ግን የለም

ጥያቄው ሌሎቻችሁንም ስለሚመለከት ረዘም አድርጌ ልመልስ። ጠያቂያችን ድሬዳዋ ከዚራ ባለው ቢሮው አስቴሪስክ (በኢንተርኔት የሚሠራ የስልክ ማዞሪያ ሶፍትዌር) ተክሏል። የሐረር ቅርንጫፉ ስልክ ይመዘገባል፣ ሲደውልም ይጠራል። ሲነሳ ግን በሁለቱም ወገን ድምፅ የለም፤ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ይቋረጣል። ከድሬ ወደ ሐረር ሲደወል ደግሞ ጭራሽ አይጠራም። «ሁሉም ዲፎልት ላይ ነው፣ ምንም አልነካሁም» ይላል።

አለመንካትህ ነው ጉዱ፣ ወንድሜ። ዲፎልቱ ስልክና ሰርቨር አንድ ኔትዎርክ ላይ ላሉበት ቢሮ ይበቃል። ያንተ ግን መሃል ላይ ሁለት ራውተር አለ።

ፒጄሲፕ (ስልኮቹን ከአስቴሪስክ ጋር የሚያገናኘው ክፍል) ላይ «ፎርስ አርፖርት» ሳትነካውም የስ ነው፤ መልስ ፓኬቱ ወደመጣበት አይፒና ፖርት ይመለሳል። ስልክህ የተመዘገበው በሱ ነው። «ሪራይት ኮንታክት» እና «አርቲፒ ሲሜትሪክ» (ድምፁን ወደመጣበት አድራሻ የሚመልሰው) ግን ኖ ናቸው፣ «ዳይሬክት ሚዲያ» (ድምፁ ሰርቨሩን ዘሎ በቀጥታ በስልኮቹ መካከል እንዲሄድ የሚያደርገው) ደግሞ የስ። ለሐረሩ ስልክ ሦስቱንም ገልብጣቸው።

ሳቢያን አንድ ድርጅት ውስጥ ይኸው ገጥሞኝ ሎገሩን (የሚላላኩትን የሚያሳየውን) ስከፍት፣ የሐረሩ ስልክ ኮንታክቱ (እዚህ ደውሉልኝ የሚልበት አድራሻ) ላይ 192.168.1.20 ብሎ ጽፏል። ሰርቨሩም አምኖት ጥሪውን ወደዚያው ይልካል። የድሬው ቢሮም የሚሠራው በ192.168.1 ነው፤ በዚያ ቁጥር ላይ ያለው ደግሞ ፕሪንተር! ሐረር መጥራት የነበረበት ጥሪ ፕሪንተር ሲያንኳኳ ይውላል። ሪራይት ኮንታክት የስ ሲሆን ስልኩ የጻፈው ተትቶ ፓኬቱ የመጣበት አድራሻ ይያዛል።

የሚቋረጥበትን ደግሞ በሰዓት ያዘው። 32 ሰከንድ አካባቢ ከሆነ እንዲህ ነው፦ ስልኩ ሲነሳ ሰርቨሩ 200 ኦኬ (ተነስቷል የሚል መልእክት) ይልካል፣ ውስጡም ከቢሮው ውጭ የማይሠራውን የራሱን የግቢ አይፒ ይጽፋል። የሐረሩ ስልክ ማረጋገጫውን (አክ የምንለውን) ወደዚያ አይፒ ይልካል፤ የትም አይደርስም። ድምፁም እንደዚያው። ሰርቨሩ 200 ኦኬውን ደጋግሞ ልኮ ልኮ፣ 32 ሰከንድ ሲሞላ ይዘጋዋል። ስለዚህ ትራንስፖርቱ (ሰርቨሩ በየትኛው አይፒና ፖርት እንደሚገናኝ የሚጻፍበት የፒጄሲፕ ክፍል) ላይ «ኤክስተርናል ሲግናሊንግ አድሬስ» እና «ኤክስተርናል ሚዲያ አድሬስ» በሚሉት የውጭ አይፒህን፣ «ሎካል ኔት» ላይ የግቢህን ኔትዎርክ አስገባ። ትራንስፖርት ስትነካ ሪሎድ ብቻ አይበቃም፤ አስቴሪስክን ሪስታርት አድርገው። ብዙ ሰው «ሞከርኩት፣ አልሠራም» የሚለው እዚህ ጋ ነው።

ሁለቱም ራውተር ላይ ኤስአይፒ ኤኤልጂ (ራውተሩ የስልክ መልእክቶችን ከፍቶ የሚያስተካክልበት) ካለ አጥፋው። ሊያግዝ ብሎ አድራሻ ያበላሻል። «ኳሊፋይ ፍሪኩዌንሲ» (ሰርቨሩ በየስንት ሰከንዱ ስልኩን «አለህ?» እንደሚል) ዲፎልቱ 0 ነው፣ ማለትም አይጠይቅም፤ 25 አድርገው። አለዚያ አንዳንድ ራውተር ዝም ያለ የዩዲፒ በር (የስልኩ ፓኬቶች የሚያልፉበትን) በ30 ሰከንድ ስለሚዘጋ ስልኩ አንዴ ይጠራል አንዴ አይጠራም።

የድሬው ራውተር የውጭ አይፒ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከጀመረ ግን ከላይ ያልኩት ሁሉ አይሠራልህም፤ አይፒው ያንተ ብቻ አይደለም። ያኔ ቋሚ ፐብሊክ አይፒ መጠየቅ፣ ወይም ክላውድ ላይ ባለ ሰርቨር በኩል ዋየርጋርድ (ሁለቱን ቢሮ በተመሰጠረ መስመር የሚያገናኝ ቪፒኤን) መዘርጋት ነው። እኔማ አይፒህ እንደዚያ ባይሆንም ዋየርጋርዱን እመርጣለሁ። 5060ን (ስልኮቹ የሚመዘገቡበትን ፖርት) ለዓለም ክፍት ካደረግከው ፓስዎርድ የሚሞክሩ ሮቦቶች ወዲያው ይመጣሉ፤ አንዱ ከገባ ሌሊቱን ውጭ አገር ሲደውል ያድርና ሒሳቡ ላንተ ይመጣል።

ይህን ሁሉ አድርገህ ድምፁ በአንድ ወገን ብቻ ከመጣ የ200 ኦኬውን ሎግ እዚህ ለጥፈው። የውጭ አይፒህን ግን ሸፍነው።