ማንም አልደወለለትም

ሕግ የምታጠና አንዲት ወጣት «ዳኛ ላይ ጫና ሲደረግ የሚደውለው ማነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

በጥብቅና ሥራዬ መጀመሪያ ላይ ፊቱ ቆሜ የምከራከር አንድ ዳኛ ነበር። ችሎት ላይ ቁጥብ ነው፤ ፍርድ ሲጽፍ ግን ማቆሚያ የለውም። የእጅ ጽሑፉን ከጸሐፊዋ በቀር የሚያነበው አልነበረም፤ እሷም አንዳንዴ ትሳሳት ነበር። አንድ ጊዜ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ፣ ማለትም ያለ ሕግ የታሰረ ሰው ይለቀቅ የሚል ጥያቄ፣ ቀረበለት። ሰውየውን የያዘው አካል ምክንያት ማቅረብ ስላልቻለ ይለቀቅ ብሎ አዘዘ፤ ተለቀቀም። ማንም አልደወለለትም፣ የገሠጸውም የለም። ትንሽ ቆይቶ የዝውውር ደብዳቤ መጣ። ደረጃው አልተነካም፤ እንዲያውም ደመወዙ ከፍ አለ። የተመደበበት ችሎት ግን ከውርስና ከወሰን ክርክር ሌላ አይታይበትም። እንኳን ደስ አለህ ያሉት ሁሉ ነበሩ! የቀሩት ዳኞች እንዲህ ያለ አቤቱታ ሲመጣ ቀጠሮ ማርዘም ጀመሩ፤ ያዘዛቸው ሳይኖር። ይግባኝ የሚባልበት ውሳኔ የለ፣ የሚከሰስ ሰው የለ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

የዛሬ ልጆች የተቀረጸ ድምፅ ካልሰማችሁ ጫና መኖሩን አታምኑም፤ ያልወደዳችሁት ፍርድ ሲሰጥ ደግሞ ዳኛው ተገዝቷል ትላላችሁ። ፍርዱን እስከ መጨረሻው ያነበበው ግን ስንቱ ነው?

ሃንጋሪ የዳኞቿን የጡረታ ዕድሜ ከ70 ወደ 62 ስታወርድ ጉዳዩ ተራ የአስተዳደር ማስተካከያ ይመስል ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 የዕድሜ አድልዎ ነው ብሎ ወሰነ፤ እስከዚያ ግን ብዙ የኃላፊነት ወንበሮች ባለቤት አግኝተው ነበር። እንግዲህ ሕግ ብቻውን አያድንም። ፖላንድም እ.ኤ.አ. በ2018 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞችን በ65 ዓመት ጡረታ ልታወጣ ስትል፣ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ማውጎዣታ ጌርስዶርፍ በደጋፊዎች ታጅበው ሥራ ገቡ። በኋላ ወደ ቦታቸው የመለሳቸው ግን ያው ያቃለልኩት ሕግ ነው።

ዳኛ አይተች አልልም። ስንፍናውን በነፃነት ስም የሚሸፍን ዳኛም አይቻለሁ።

ጉቦን አላነሳም፤ ታውቁታላችሁ። እናንተ ዝውውር የሚፈርመውንና መዝገብ የሚያከፋፍለውን ጠይቁ። መዝገብ በዕጣ ካልተመደበና አለቃው እየመረጠ የሚያድል ከሆነ፣ ደፋሩን ዳኛ ማዛወር እንኳ አያስፈልግም፤ ከባዱ ጉዳይ መጀመሪያውኑ አይደርሰውም።