ባትሪ ከመግዛትህ በፊት ሽቦውን ዳስሰው

ጥያቄው ከቢቸና ነው። ጠያቂው ትንሽ ሱቅ አለው። ደብዳቤውን አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጣሪያ ላይ 200 ዋት ሶላር አለኝ። ባትሪው ባለ 100 አምፔር፣ ደረቁ ዓይነት ነው፤ ከገዛሁት ዓመት አልሞላውም። እሱ ጓዳ ነው ያለው፣ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚቀይረው) ደግሞ ሱቁ ውስጥ፤ በመካከላቸው 6 ሜትር ገደማ አለ። ቀን ኮንትሮለሩ (ከሶላሩ የሚመጣውን መጥኖ ባትሪውን የሚሞላው) ሙሉ ነው ይላል። ማታ ቴሌቪዥንና አምፖል ብቻ ሲሆን ደህና ነው። ትንሿ ፍሪጅ ስትነሳ ግን ኢንቨርተሩ ይጮህና ድርግም ብሎ ይጠፋል። ወዲያው ሄጄ ሳየው ባትሪው 12.4 ቮልት ያሳያል። የገጠመልኝ ልጅ ‹ባትሪው ሞቷል፣ ሌላ ግዛ› አለኝ። ልግዛ? ደግሞ ወንድሜ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ይነዳል፤ ለመንገድ አንድ ትንሽ ሶላር ጋቢናው ላይ ልስቀል ይላል። ምን ይሉታል?»

አትግዛ። ቢያንስ ይቺን አንብበህ እስክትጨርስ።

ባትሪህን ሳላየው እንዲህ ማለቴ ድፍረት ሊመስል ይችላል። ግን 6 ሜትር የምትለዋ ላይ ስደርስ ነገሩ ገባኝ። የደከመ ባትሪ ቴሌቪዥኑንም ብቻውን ብዙ አይችለውም። ያንተው ቴሌቪዥኑን ይዞ ያመሻል፣ ፍሪጅ ስትነሳ ብቻ ይወድቃል፣ ጭነቱ ሲወርድለት ወዲያው ቀና ይላል። ይሄ የሽቦ በሽታ ይመስላል። ልጁ ለቤት መብራት የምንዘረጋውን ባለ 2.5 (ካሬ ሚሊሜትር) ሽቦ እንደዘረጋልህ እጠረጥራለሁ።

ከመንካትህ በፊት አንድ ነገር እይ። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ፊውዝ አለ? 12 ቮልት ሰው አይይዝም እያሉ የሚንቁት አሉ። እውነት ነው፣ አይይዝም። ግን ሁለቱ ጫፎች በብረት ከተገናኙ ይህ ባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቃል። ካቻቢቴ ያቀልጣል። ቀለበት ጣት ላይ እንዳለ ፍም ያደርጋል። ቀለበትና ሰዓት አውልቅ፤ አንገትህ ላይ የብር መስቀል ካለ ወደ ውስጥ ክተተው። ፊውዝ ከሌለ ደግሞ ሌላው ሥራ ሁሉ ይቆይ፣ መጀመሪያ ፊውዝ ይግባ። በኮርኒስ የሚያልፍ ፊውዝ የሌለው ሽቦ አይጥ ከቀረጠፈው ሱቅህ እዚያው ላይ ይነዳል።

አሁን የምወዳትን ነገር ላስረዳህ። ባለቤቴ ይቺን ስጀምር ተነስታ ቡና ትቆላለች።

አንድ ኩንታል ጤፍ ከጓዳ ወደ ሱቅ ታዛውራለህ እንበል። ቮልት ማለት በአንድ ጉዞ የምትሸከመው ነው። አምፔር ማለት የምልልሱ ብዛት ነው። 220 ቮልት በጆንያ እንደመሸከም ነው፤ ሁለት ሦስቴ ተመላልሰህ ትገላገላለህ። 12 ቮልት በቁና ነው። ጤፉ ያው ጤፍ ነው፣ ምልልሱ ግን ቀኑን ሙሉ ነው። ሽቦው ደግሞ በሩ ነው። በሩ ከጠበበ ባለፍክ ቁጥር ክርንህ ይነካና ከቁናው ትንሽ ይደፋል። በጆንያ ሁለቴ ያለፈ ሰው ምንም አይጎድልበትም። በቁና መቶ ጊዜ የተመላለሰው ግን ሱቅ ሲደርስ ጤፉ የት ገባ ይላል። ጤፉ በሩ ላይ ነው የቀረው።

በቁጥር እንየው። የማታው ጭነትህ ፍሪጁን ጨምሮ 200 ዋት ቢሆን፣ በ220 በኩል 1 አምፔር አይሞላም። በ12 በኩል ግን ኢንቨርተሩ ራሱ የሚበላው ታክሎ 20 አምፔር ይጠጋል። 6 ሜትር ያልከው መሄጃና መመለሻ አለውና 12 ሜትር ብለህ ቁጠረው። በዚህ ርዝመት ባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ 0.084 ኦም አለው፤ ኦም ሽቦው ኤሌክትሪኩን የሚያግድበት መጠን ነው። በ20 ስታባዛው 1.7 ቮልት መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ባትሪው 12.3 ቢሰጥ ኢንቨርተሩ የሚደርሰው 10.6 ነው። አብዛኛው ኢንቨርተር 10.5 አካባቢ መጮህ ይጀምራል። አንተ እንግዲህ ሁሌም ገደል አፋፍ ላይ ነህ። ፍሪጅ ደግሞ ስትነሳ ለቅጽበት ከመደበኛዋ ብዙ እጥፍ ትስባለች። አምፔሩ 40 ቢገባ 3.4 ቮልት ይደፋል፤ ኢንቨርተሩ 9 ቮልት ብቻ ያያል። ሲጠፋ ምልልሱ ይቆማል፣ የሚደፋም የለም። አንተ ሮጠህ ስትሄድ ባትሪው 12.4 ብሎ ይጠብቅሃል።

በል ቴስተርህን አምጣ። ሁሉንም አብራ፣ ፍሪጇንም ጨምር። ኢንቨርተሩ ከመጥፋቱ በፊት መጀመሪያ ባትሪው ጫፎች ላይ ለካ፤ የኬብሉን ጫፍ አይደለም፣ ራሱን የባትሪውን የእርሳስ ጫፍ በቴስተሩ ንካ። ከዚያ ኢንቨርተሩ መግቢያ ላይ ለካ። ባትሪው 12 አካባቢ ሆኖ ኢንቨርተሩ ጋ 10 ምናምን ካየህ ባትሪው ነፃ ነው። ባትሪው ላይ ራሱ 11 እና ከዚያ በታች ከወረደ ግን ልጁ እውነቱን ነው፣ ይቅርታ ጠይቀው። ሽቦውንም ከላይ ከላይ በእጅህ ዳስሰው። በ20 አምፔር ወደ 34 ዋት እዚያ ላይ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። አንድ ቦታ ላይ ከሌላው ይልቅ የሚሞቅ ከሆነ እዚያ መጥፎ መቀጠያ አለ።

ስለ መቀጠያ ካነሳን አይቀር፤ ሉማሜ አካባቢ አንድ ቤት ኮርኒስ ገልጬ ያየሁትን አልረሳውም። ሁለት ሽቦ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሏል። ፌስታሉ ቀልጦ ሽቦው ላይ ደርቋል። የፊውዙ መያዣ ውስጥ ደግሞ በፊውዝ ፋንታ የቆርቆሮ ሚስማር! ባለቤቱ «ፊውዙ ቶሎ ቶሎ እየተቃጠለ አስቸገረን» አለኝ። የሚቃጠለው እኮ ቤቱ እንዳይቃጠል ነው።

መፍትሔው ወፍራም ሽቦ እስከ ሱቁ መዘርጋት አይደለም፣ ውድ ነው። ኢንቨርተሩን ጓዳ ውሰደው። ከባትሪው ጎን፣ አየር የሚያገኝበት ቦታ ግድግዳ ላይ ስቀለው፤ ባትሪው አናት ላይ አይሁን። በመካከላቸው ከ1 ሜትር የማይበልጥ ባለ 25 ኬብል አድርግ። ጫፉን በካፖኮርዳ (ኬብሉ ጫፍ ላይ በሚገባው ባለ ቀዳዳ ብረት) አስጨምቀህ በቡሎን እሰረው፤ ዝም ብሎ ጠምዝዞ ማስገባት ይቅር። የኢንቨርተርህ አቅም 500 ዋት ከሆነ ባለ 60 አምፔር ፊውዝ ይበቃል፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ስንዝር ሳይርቅ። ወደ ሱቁ የሚሄደው 220 ይሁን። ለእሱ ባለ 2.5 ከበቂም በላይ ነው። ከመብራት ኃይል መስመር ጋር ግን በምንም መንገድ እንዳይገናኝ።

ስትፈታ መጀመሪያ ሶላሩን ከኮንትሮለሩ ንቀል፣ ቀጥሎ ባትሪውን፣ ኔጌቲቩን አስቀድመህ። ስትገጥም በተቃራኒው።

ኬብሉን ስትገዛ ግን ዓይንህን ክፈት። ገበያው ውስጥ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ሞልቷል። ከውጭ ቀይ ነው፣ ያምራል፣ ርካሽ ነው። በቢላ ፋቅ አድርገው። ውስጡ ነጭ ከሆነ መልስለት። አንዳንዱ ደግሞ ፕላስቲኩን አወፍሮ ውስጡን ፀጉር የሚያህል ያደርገዋል። ኢንቨርተሩ ላይ 1000 ዋት ተብሎ የተጻፈውንም ብዙ አትመነው፤ በእጅህ ስታነሳው እንደ ባዶ ጣሳ ከቀለለህ ጽሑፉ ብቻ ነው 1000 ዋት።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም አንድ ሐቅ አለ። ባትሪው ላይ 100 አምፔር የሚባለው አምፔር ሰዓት ነው፤ በ12 ሲባዛ 1200 ዋት ሰዓት ይሆናል። ባትሪው እንዲቆይልህ ከግማሽ በላይ አትጠጣው። 600 ለ200 ስታካፍል 3 ሰዓት፤ ኢንቨርተሩ ራሱ የሚበላው ሲታከል ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ፍሪጇን ቀን፣ ፀሐይ እያለ አሠራት፤ ማታ ንቀላት። ለስላሳው እስኪነጋ ብዙም አይሞቅም። ክረምት ላይ ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ይህንንም አትጠብቅ። ፓኔሉ ወደ ደቡብ 15 ዲግሪ ያህል ዘንበል ይበል፣ ዝናቡ ራሱ ያጥበዋል። በበጋ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ፤ የባሕር ዛፍ ጥላ ጥጉን እንኳ ከነካው ብዙ ይወስድብሃል።

ወደ ወንድምህ ልምጣ። ኤፍኤስአር 24 ቮልት ነው። ሁለት ባትሪ በተከታታይ ታስሮለታል። ከአንደኛው ብቻ 12 እየሳቡ መጠቀም ሾፌሮች የሚወዱት ብልሃት ነው፤ ያ ባትሪ እየደከመ ሌላውንም ይዞት ይሞታል። የመኪናውን ባትሪ ይተወው። 30 ዋት ፓኔል፣ ትንሽ ኮንትሮለር፣ ጋቢና ውስጥ በደንብ የታሰረች የራሱ ትንሽ ባትሪ ይበቃዋል። ስልክ ይሞላል፣ አምፖል ያበራል። ፓኔሉን በሽቦ ሳይሆን በቡሎን ይሰረው፤ ከደጀን ቁልቁል አባይን ሲወርድ የሚላላ ነገር ሁሉ ይላላል። ከጋቢናው ጣሪያም ሁለት ሦስት ጣት ከፍ ይበል፣ በሥሩ ንፋስ ይለፍ። ፓኔል ከ25 ዲግሪ በላይ በጋለ ቁጥር በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ የበረሃው ሙቀት ደግሞ ይታወቃል።

እዚያች ትንሽ ባትሪ ፖዘቲቭ ላይም ፊውዝ ይግባ። ትንሽ ናት ብሎ እንዳይዘልለው። ያንተን ኢንቨርተር ግን ደብቀው። ተውሶ ሄዶ 24ቱ ላይ ከሰካው ጭሱን ነው የሚመልስልህ።