ወሎ በካታሎጉ ውስጥ ስንት ስም አላት?

አብሽሪ እህቴ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ካታሎግ «ዜሮ ውጤት» አለሽ ማለት መጽሐፉ የለም ማለት አይደለም። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ለማስተርስ ጽሑፍሽ ስለ 1966ቱ የወሎ ረሃብ ለማግኘት የኦንላይን ካታሎጉን አድቫንስድ ሰርች፣ ባለ ብዙ ሳጥኑን የፍለጋ ገጽ፣ ከፍተሻል። አንዱ ሳጥን ላይ «ወሎ»ን በአማርኛ፣ ሁለተኛው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሦስተኛው ላይ «ረሃብ» ጻፍሽ፣ ከታች ዓመቱን 1966 ብለሽ ገደብሽ። ምንም አልመጣም። ቀላሉ ሳጥን ላይ ስትሞክሪ ደግሞ መዓት ወረደብሽ።

እኔንም ይኸው ነገር አዋርዶኛል። ማስተርሴን ደሴ ሆኜ ስጀምር አማካሪዬ ዘንድ ቀርቤ «ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ራሱን የቻለ መጽሐፍ የለም፣ ካታሎጉን አበጥሬ አይቻለሁ» አልኩ። ሰውዬው ምንም ሳይሉ ተነሡ፣ ከመደርደሪያቸው የታሪክ ምሁሩን የሁሴን አሕመድን መጽሐፍ ስበው ፊቴ አኖሩት። በ2001 እ.ኤ.አ. የሆላንዱ አሳታሚ ብሪል ያሳተመው፣ ርዕሱ ላይ ወሎ የሚል ስም በትልቁ የተጻፈበት! እኔ የፈለግኩት በኦ፣ እነሱ የጻፉት በኤ። የለየን አንድ ፊደል ነው።

ወሎን በላቲን ፊደል ደብሊው ኦ ኤል ኤል ኦ ብሎ የሚጽፍ አለ፤ በኦው ፈንታ ኤ የሚያስገባ አለ፤ ኢ የሚያስገባ አለ፣ እሱም አንዴ በአንድ ኤል፣ አንዴ በሁለት። በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሥርዓት ደግሞ የአማርኛ ርዕስ ወደ ላቲን ሲገለበጥ «ወ» በኤ ይጻፋል፣ የ«ሎ» መጥበቅ አይታይም፣ ስለዚህ ደብሊው ኤ ኤል ኦ ይሆናል። ደሴም ሐይቅም የዚሁ ዕጣ አላቸው። ካታሎጉ የሚያውቀው የፊደሎቹን ቅርጽ ብቻ ነው፣ ትርጉም አያውቅም።

ያንቺ ዜሮ የመጣው ግን መጀመሪያ ከዚህ አይደለም። ሳጥኖቹን የሚያያይዘው ቃል ካልነካሽው ብዙ ጊዜ «ኤንድ» ነው፣ ሁሉም አብረው ይገኙ ማለት። ስለዚህ «ወሎ በአማርኛም በእንግሊዝኛም በአንድ መዝገብ ላይ ይኑር» ብለሽ አዝዘሻል። አማራጭ አጻጻፎችን አንድ ሳጥን ውስጥ በ«ኦር»፣ ማለትም «ወይም» በሚለው፣ አያይዣቸውና በቅንፍ ክበቢያቸው፤ ከዚያ በ«ኤንድ» ወደ ረሃቡ ተሻገሪ። ቅንፉን አትናቂ። ያለ እሱ ካታሎጉ ቃላቱን በራሱ መንገድ ያጣምርና ረሃብ የማይል የወሎ መጽሐፍ ሁሉ ሊዘረግፍልሽ ይችላል።

በአማርኛ ስትፈልጊ ሌላ ጣጣ አለ፣ የውጭ መመሪያዎች የማያነሡት። «ወሎ» ብለሽ ብትጽፊ «የወሎ» የሚለው ላይመጣ ይችላል፣ ለማሽኑ ሌላ ቃል ነውና። የቀረውን የቃል ክፍል የምትተካውን ኮከብ ምልክት (*) መጨረሻው ላይ ብታደርጊ የምትረዳሽ ለቅጥያ እንጂ ለ«የ»፣ ለ«በ» እና ለ«ከ» አይደለም። ሁሉንም ጻፊያቸው፣ ወሎ ኦር የወሎ ኦር በወሎ እያልሽ። «ረሃብ»ም ረሀብ፣ ርሃብ፣ ራብ ሆኖ ይገኛል፤ ድርቅንም ጨምሪ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለኛ አንድ ድምፅ ናቸው፣ ለካታሎጉ ግን ብዙ ጊዜ ለየቅል።

ዓመቱን ደግሞ ጭራሽ አውጪው። ያ ሳጥን የሚጠይቅሽ መጽሐፉ የታተመበትን ዓመት ነው፣ ነገሩ የተከሰተበትን አይደለም። በዚያ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የኛ 1966 ከመስከረም 1973 እስከ መስከረም 1974 ይሄዳል። አንቺ ረሃቡ ሳይደርስ በፊት የታተመ የረሃብ መጽሐፍ ነው የጠየቅሽው!

አሁን እኔ የምሠራበትን ልንገርሽ። መጀመሪያ ብዙ አልፈልግም፣ አንድ ትክክለኛ መዝገብ ብቻ። የማውቀውን ርዕስ አስገብቼ ሙሉ መዝገቡን እከፍትና ወደ ታች ወርጄ ሰብጀክት የሚለውን፣ የመጽሐፉን ርዕሰ ጉዳይ፣ አነባለሁ። እዚያ ላይ ያለው ቃል የካታሎግ ባለሙያው ቃል ነው። በብዙ ካታሎግ ረሃብ የሚገባው «ፋሚንስ» ተብሎ በብዙ ቁጥር ነው፣ ቀጥሎ አገሩ ይመጣል። «ዎሎ ፋሚን» ብለሽ በጥቅስ ምልክት ሰብጀክት ሳጥን ውስጥ ብታስገቢ የሚገጥም የለም። ከመዝገቡ ላይ ራሱን ቃሉን ተጫኚው፣ ወንድምና እህቶቹን ይዞ ይመጣል።

ደራሲም ላይ እንዲሁ ነው። የኛ ሰው በራሱ ስም መመዝገብ ሲገባው አንዳንዱ ካታሎግ አባቱን ያስቀድመዋል። ሁሴንን «አሕመድ» ሥር ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ሁለቱንም አቅጣጫ ሞክሪ። «ይህ የሌለበት» የምትለውን «ኖት»ን ግን እንደ በርበሬ ቆንጥሪያት፤ ኖት ትግራይ ካልሽ ሁለቱን አገር አብሮ የጻፈውም አብሮ ይጠፋል።

ብራና ውስጥ ከገባሽ ስምን ትተሽ ቁጥር ያዢ። የሐይቅ እስጢፋኖሱ የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመኑ፣ ኢኤምኤምኤል በሚባለው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ስብስብ ቁጥሩ 1832 ነው። ሐይቅን በስንት ዓይነት ፊደል ቢጽፏት ይቺ ቁጥር አትለወጥም።

እንግዲህ ያስተካከልሽውን መስመር ስትጽፊ ሳትጫኚው እዚህ ለጥፊልኝ፣ ቅንፉን አብረን እንይ።