የጤና መድህኑ የካንሰር መድኃኒቱን አልከፍልም አለን፤ ቤታችንን እንሽጥ ወይስ እንክሰስ?

ጥያቄ፦ እናቴ 58 ዓመቷ ነው። የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፤ ኬሞም ወስዳለች። አሁን ሐኪሟ ትራስቱዙማብ የሚባል መድኃኒት በየሦስት ሳምንቱ ለአንድ ዓመት እንድትወስድ አዟል። የሕዝብ የጤና መድህን አባል ናት፤ መዋጮዋን አቋርጣ አታውቅም። መድህኑ ግን “የቀረበው ማስረጃ መስፈርቱን አያሟላም” የሚል የአንድ መስመር ደብዳቤ ሰጠን። ወንድሜ ቤቱን ሸጠን እንግዛላት ይላል። እኔ መክሰስ ነው የምፈልገው። ደብዳቤውንና የላቦራቶሪ ውጤቷን ልኬልዎታለሁ። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ።

ቤቱን አሁን አትሽጡ። ክሱንም ለጊዜው አቆዩት። ከሁለቱም በፊት የሚያስፈልግ አንድ ወረቀት አለ፤ እሱ ደግሞ ከላኩልኝ ውስጥ የለም።

የላቦራቶሪ ውጤቱን ደጋግሜ አየሁት። ከታች በኩል “ኸር-ቱ፦ 2+” ይላል። የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህች ላይ ነው። ትራስቱዙማብ እንደ ኬሞ ያገኘውን ሁሉ የሚመታ መድኃኒት አይደለም። ኸር-ቱ የሚባለው ፕሮቲን የበዛበትን የካንሰር ሴል ለይቶ ነው የሚይዘው። የጡት ካንሰር ካለባቸው ሴቶች ይህ ዓይነቱ የሚገኝባቸው ከአምስት አንዷ ላይ ቢሆን ነው። ስለዚህ ከፋዩ ማረጋገጫ መጠየቁ ተገቢ ነው። ውጤቱ 3+ ከሆነ ፖዘቲቭ ነው። 0 ወይም 1+ ከሆነ ኔጌቲቭ ነው። 2+ ግን ገና አልለየለትም ማለት ነው። ፊሽ በሚባል ሌላ ምርመራ፣ ጂኑን በማየት መለየት አለበት።

እንግዲህ ፋይሉን ያየው የመድህኑ ሠራተኛ ያገኘው 2+ ብቻ ከሆነ፣ በያዘው ወረቀት ልክ አልተሳሳተም። ቅር እንዳይልዎ፤ ይህን አሁን ከእኔ መስማቱ በኋላ ከዳኛ ከመስማት ይሻላል። ሐኪሙ ግን መድኃኒቱን ያዘዘው የፊሹን ውጤት አይቶ ሊሆን ይችላል። ያ ከሆነ ውጤቱ ሳይያያዝ ቀርቷል ማለት ነው። በእጄ ካለፉ ተመሳሳይ ጉዳዮች በአንዱ፣ አንድ ቤተሰብ ወራት የተንከራተተው የላቦራቶሪው ውጤት ሁለተኛ ገጽ ኮፒ ሳይደረግ በመቅረቱ ብቻ ነበር።

ነገ ጠዋት ሐኪሙ ዘንድ ይሂዱና ፊሽ ተሠርቶ እንደሆነ ይጠይቁ። ካልተሠራም ብዙውን ጊዜ እናትዎን እንደገና መንካት አያስፈልግም። ከቀዶ ሕክምናው የተወሰደው ናሙና በሰም ተደርጎ ይቀመጣል፤ ምርመራው ከዚያው ላይ ይሠራል። ውጤቱ ኔጌቲቭ ከመጣ መድኃኒቱ አይጠቅማቸውምና ከሐኪሙ ጋር የምትነጋገሩት ስለ ሌላ ሕክምና ይሆናል።

ፖዘቲቭ ከሆነ ግን ለመድህኑ የምታቀርቡት ቅሬታ ጠንካራ ነው። ደብዳቤው “መድኃኒቱ ዝርዝር ውስጥ የለም” አይልም፤ “መስፈርቱን አያሟላም” ነው የሚለው። በሕግ ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። መድህኑ በሚከፍልላቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የሌለ መድኃኒት ለማስከፈል ከፖሊሲ ጋር ነው ትግሉ። መስፈርት አልተሟላም ከተባለ ግን ጥያቄው የማስረጃ ነው፤ ማስረጃ ደግሞ ይሟላል። ስለዚህ የትኛው መስፈርት፣ በየትኛው መመሪያ እንደጎደለ በጽሑፍ እንዲገልጹላችሁ ጠይቁ። ምክንያቱን በግልጽ ያልተናገረ ውሳኔ ራሱን የቻለ የቅሬታ ነጥብ ነው። ዞር ብለው “ለካስ ዝርዝሩ ውስጥ የለም” ቢሏችሁ ደግሞ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ትራስቱዙማብን መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ማስገባቱን በቅሬታው ላይ ጥቀሱ። አስገዳጅ ሕግ አይደለም፤ ክብደት ግን አለው።

ከሐኪሙ አዲስ ደብዳቤ ያስፈልጋል። የበሽታው ደረጃ፣ የፊሹ ውጤት፣ እስካሁን የተሰጠው ሕክምና ይጻፍበት። የልብ ምርመራቸውም (ኢኮ) ይያያዝ፤ መድኃኒቱ ልብን ሊያደክም ስለሚችል ገምጋሚዎች እሱን ይፈልጉታል። ከሁሉም በላይ ሕክምናው እስከ መቼ መጀመር እንዳለበት ቀኑ በግልጽ ይቀመጥ። “አስቸኳይ ነው” የሚል ቃል ማንንም አያስቸኩልም። ቀን ግን ያስቸኩላል፤ በኋላ ፍርድ ቤት ጊዜያዊ ትዕዛዝ ለመጠየቅም መነሻ ይሆናል። አባሏ እናትዎ ስለሆኑ እርስዎ የሚፈርሙ ከሆነ ውክልና ይያዙ።

ስለ ክሱ እውነቱን ልንገርዎ። ፍርድ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የውስጥ ቅሬታው ሳያልቅ ጉዳዩን አያዩም። ካዩትም በሐኪም ቦታ ሆነው መድኃኒት አያዙም፤ የሚመረምሩት ውሳኔው እንዴት እንደተሰጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይህንኑ መድኃኒት የተከለከለች ሴት ጉዳይ አይቷል። የጤና ባለሥልጣኑ ገንዘብ ምክንያቴ አይደለም ብሎ፣ “ለልዩ ሁኔታ” ካልሆነ አልከፍልም አለ። ፍርድ ቤቱ፣ ገንዘብ ምክንያት ካልሆነ አንዷን ታካሚ ከሌላዋ የምትለዩበት አሳማኝ መሠረት የላችሁም ብሎ ፖሊሲውን ሻረው። ክፈሉ ብሎ ግን አላዘዘም፤ እንደገና በአግባቡ ወስኑ ነው ያለው። በተቃራኒው የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 የኩላሊት እጥበት የጠየቀን ሰው አቤቱታ ውድቅ አድርጓል። ሀብቱ ውስን ነው፣ መምረጫ መስፈርቱም ምክንያታዊ ነው፣ ለሁሉም እኩል ተሠርቶበታል ስላለ ነው። ሕይወት ላይ የመጣ ጉዳይ ሁሉ ያሸንፋል ብላችሁ አትሂዱ።

የቤቱን ነገር ወንድምዎ የሚሉት ከፍቅር ነው፤ ይገባኛል። ነገር ግን ብዙ መድህኖች ያለ ቅድመ ፈቃድ የተገዛን መድኃኒት ወጪ አይተኩም። ሐኪሙ የመጀመሪያው ዙር መዘግየት የለበትም ካለና ከኪሳችሁ ከገዛችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት “ቅሬታችን እስኪወሰን መብታችንን ጠብቀን እንገዛለን” ብላችሁ ለመድህኑ በጽሑፍ አሳውቁ። ደረሰኙ በእናትዎ ስም ይሁን። ከመጀመሪያው ብራንድ ሌላ ባዮሲሚላር የሚባሉ ተመሳሳይ ምርቶች እንዳሉም ሐኪሙን ጠይቁ፤ ዋጋቸው ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል።

ውሳኔው የደረሳችሁን ቀን ዛሬውኑ ጻፉት፤ የቅሬታ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። የፊሹ ውጤት ቢዘገይ እንኳ ቅሬታውን ቀኑ ሳያልፍ አስገቡና “ተጨማሪ ማስረጃ ይቀርባል” በሉበት። በእጃችሁ በሚቀረው ኮፒ ላይ ማህተምና ቀን አስመቱ። ውጤቱ እንደመጣ ይላኩልኝ፤ ረቂቁን አብረን እናየዋለን።